የኮሶ ሻጯ ልጅ፦ ስለ ካሳ ኃይሉ ልጅነት ለልጄ ምን ልንገራት?

ሽምብጥ፦

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ስድስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት መምህሯ አገር ከመሩ ሰዎች የአንዱን ልጅነትና የቤተሰብ ኑሮ ጽፋችሁ ኑ የሚል የቤት ሥራ ሰጥተዋቸው ነበር። እርሷ ዐፄ ቴዎድሮስን፣ በልጅነት ስሙ ካሳ ኃይሉን፣ መረጠች። ምርጫዋን ተነሥታ ስትናገር አንድ ልጅ ከኋላ «እናቱ እኮ ኮሶ ሻጭ ነበረች» አለ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ማታ ራት ላይ እንጀራውን ቆርሳ ሳትጎርሰው ቆየችና «አባዬ፣ ኮሶ መሸጥ ምኑ ያስቃል?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልስ አጣሁ። ያጣሁበትን ምክንያት አልደብቃችሁም። እናቴ ጌሾ ሻጭ ነበረች። ከዘጌ በታንኳ የሚመጣውን ጌሾ ከሐይቁ ዳር ተቀብላ፣ ወደ ገበያ አውጥታ እየቸረቸረች አራት ልጆች አሳድጋለች። ታንኳዎቹ የሚደርሱት ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ የተጫነ ታንኳ ዳር ሲደርስ ግማሽ አካሉ ሰምጦ ነው፤ እናቴ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ትገባና ጌሾው እንዳይረጥብ እስሩን በትከሻዋ ትቀበላለች። እጇ በበዓል ቀን እንኳ የጌሾ ሽታ አይለቀውም ነበር። እኔ ተማሪ ሳለሁ ልጆች «የጌሾ ሻጭ ልጅ» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ስሄድ እናቴን እስር ተሸክማ ከሩቅ አየኋትና ወደ ማዶ ተሻግሬ አለፍሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጄ የምትጽፈውን በእውነት ላይ ቆማ እንድትጽፍ እፈልጋለሁ። ስለ ካሳ ልጅነት፣ በተለይም ስለ እናቱ፣ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የደንብያ መምህር፦

ወንድሜ ሽምብጥ፣ ታሪክ አስተምራለሁና የማውቀውን ላካፍልህ።

ካሳ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ አገሩ ከጣና በስተምዕራብ ያለው ቋራ ነው። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ ይቀመጣል፤ የሚያዝዙት ግን የየጁ ራሶች ናቸው። በዚያ ዘመን አንድ ባላባት ሲሞት መበለቷና ልጆቹ ማን ይጠጋቸዋል የሚለው ከባድ ጥያቄ ነበር፤ ርስት የሚጸናው ጦር ባለው ሰው እጅ ነውና። የካሳ አባት የሞቱት እርሱ ገና ሕጻን ሳለ ነው። ንብረቱን ዘመዶች ተቀራመቱት፤ ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸውን ይዘው ወደ ጎንደር ሄዱ። ኮሶ ሸጡ የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው።

ልጁ ለትምህርት የተሰጠው በጎንደርና በጣና መካከል፣ በደንብያ ለሚገኘው የጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነበር። እዚያ ሳለ ልጅነቱን ለሁለት የከፈለው ነገር ደረሰ። በጦርነት የተሸነፈ አንድ መስፍን ድል አድራጊዎቹን የሚበቀልበት ሲያጣ ልጆቻቸው የሚማሩበትን ገዳም ወረረ። የሣር ጎጆዎቹ ተቃጠሉ፤ ሕጻናቱ ታረዱ፣ ተሰለቡ። የሞቱት 48 ነበሩ ብለው የጻፉ አሉ። ካሳ በሌሊት አምልጦ ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገባ።

እኔ በየዓመቱ ይህን ክፍል ሳስተምር ድምፄ ይለወጣል። ተማሪዎቼ በዚያን ጊዜ ካሳ የነበረበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል የመጣውን የግብፅ ጦር የመቱ፣ ደንብያንና ቋራን የገዙ ኃይለኛ ሰው ነበሩ። አንዳንዱ ጸሐፊ የካሳ አጎት ይላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ በአባት የሚገናኙ ታላቅ ወንድሙ ናቸው ይላል። በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ ደንብያ በየጁው ራስ ዓሊ እናት በእቴጌ መነን እጅ ገባ፤ ካሳ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ቤት ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፦ በቋራ በረሃ ሸፈተ።

እትዬ ከፋሲሎ፦

ልጄ ሽምብጥ፣ የጻፍኸውን ልጄ አነበበልኝ፤ ይህንንም እኔ እየተናገርሁ የሚጽፍልኝ እርሱ ነው። ዕድሜዬ 68 ነው። አሁን ፋሲሎ ብኖርም ያደግሁት ደብረ ታቦር ነው። አክስቴ ኮሶ ትሸጥ ነበር፤ እኔም ስቀጠቅጥላት ነው ያደግሁት።

የዛሬ ልጆች ኮሶን በስሙ እንጂ በመልኩ አያውቁትም። ዛፉ የደጋ ነው፤ ጣና ዳር አይበቅልም። የሆድ ትል የሚያስወጣው መድኃኒት የሴቴው ዛፍ አበባ ነው፤ ቀላ ያለ፣ እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠል። አክስቴ ዘለላውን ጥላ ሥር አድርቃ፣ በልጥ አስራ ከጣሪያው ሥር ትሰቅለው ነበር። ቤቱ ሽታውን ይዞ ይከርማል። የዓመቱን ኮሶ ካለፈው ዓመት ትለየዋለች፤ ካረጀ ጉልበቱ ይጠፋልና። ለገዢ አሮጌውን አዲስ ነው ብላ ብትሰጥ ማንም አያውቅባትም ነበር፤ እርሷ ግን አሮጌውን አውጥታ ትደፋዋለች። ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለደካማ ሰው አትሸጥም። «ይህ ልጅህ አንድ ዓመት ይቆይ» ብላ ገንዘቡን የመለሰችለትን ሰው አይቻለሁ።

አጠጣጡም ቀላል አይደለም። ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ገና ሳይነጋ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ከንፈር ላይ ካቆዩት አይወርድምና አንድ ጊዜ ነው የሚገለብጡት። ከዚያ ሆድ ይቆርጣል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም። «ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ» ካለ ማንም አይቀየመውም።

አሁን ደግሞ ለልጅህ እንድትነግርልኝ የምፈልገው ይህ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር ሁሉ ኮሶ ይጠጣ ነበር። በየሁለት ወሩ ነበር የሚጠጣው። ራሱም፣ ደጃዝማቹም፣ ቄሱም፣ ገበሬውም ይጠጣ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ከአክስቴ እጅ ኮሶ ያልጠጣ ሰው አልነበረም። ሰርግ ሲሆን ግን አክስቴ የምትቀመጠው ከበሩ አጠገብ ነበር። ማለዳ መድኃኒቷን ጠጥቶ የተፈወሰው ሰው ማታ በሰርጉ ቤት ከጎኗ መቀመጥ ያፍራል። ልጅ ሆኜ ይህ አይገባኝም ነበር፤ ዛሬም አይገባኝም። የካሳን እናት የሰደቡ መኳንንት በሙሉ ኮሶ ጠጪዎች ነበሩ።

ዘቋራ፦

ለሁላችሁም አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። የኮሶው ወሬ ካሳን የጠሉ መሳፍንት የፈጠሩት ስድብ ነው። ወይዘሮ አትጠገብ ወይዘሮ የተባሉት በከንቱ አይደለም፤ ከትልቅ ቤት የወጡ ሴት ናቸው። የካሳም አባት ባላባት ነው፤ ዘመዱ ክንፉ ደጃዝማች ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ገበያ ወጥቶ ኮሶ አይቸረችርም። እኛ ቋሬዎች ይህ ወሬ በየትምህርት ቤቱ ሲደጋገም ያመናል። ልጅህም ስትጽፍ ስድቡን ባትደግመው ጥሩ ነው።

የደንብያ መምህር፦

ወንድሜ ዘቋራ፣ ግማሹን ንግግርህን እቀበላለሁ። ወይዘሮ አትጠገብ ከባላባት ወገን መሆናቸውን ብዙዎች ጽፈዋል። ኮሶውን በዐይኑ አይቶ የመሰከረ ሰው የለም፤ ወሬው የሚሰማው ከባላጋራዎቹ አፍ ነው። ነገር ግን በዘመነ መሳፍንት ትልቅ ቤት መወለድ ከረኀብ አያድንም ነበር። የሞተ ባል ያላት፣ ርስቷን የተቀማች፣ ሕጻን የታቀፈች ሴት ጎንደር ገበያ ውስጥ የምትቀመጥበት ዕድል ሰፊ ነው። ከባላባት መወለድና ኮሶ መሸጥ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም።

ደግሞ ካሳ ራሱ ስድቡን እንዴት እንደተቀበለው ተመልከት። እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድን አስከትለው ጦር በላኩበት ጊዜ ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤው እመጣለሁ ብሎ ፎከረ። ተሸነፈ፤ ተማረከ። ካሳ ምርኮኛውን አስቀርቦ ኮሶ አስበጠበጠና፣ እናቴ ገበያ አውጥታ ሳይሸጥላት የቀረ ነው፣ ጠጣ አለው ይባላል። ሐሰት ነው፣ እናቴ ኮሶ አልሸጠችም ብሎ አልተከራከረም። ስሟን ይዞ ቆመ።

ዘቋራ፦

የወንድይራድን ታሪክ አባቴም ይነግረን ነበር። እርሱ ግን ሲተርክ የሚያተኩረው በድሉ ላይ ነበር እንጂ በዚህ በኩል አይቶት አያውቅም። ላስብበት።

የቁንዝላ ጀልባ፦

እኔ በሐይቁ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ከባሕር ዳር ተነሥተን ዘጌን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊን አልፈን ጎርጎራ ስንደርስ የካሳን አገር በስተግራ እያየን ነው የምንሄደው። የታሪክ ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ አገሩን ግን አውቀዋለሁ።

መንገደኛ ሁሉ የሚያየው ውሃውን ነው። እኔ ለልጅህ የምነግራት ከውሃው ማዶ ያለውን ነው። ከደልጊ ወደ ምዕራብ ስትሄድ አገሩ እያደር ዝቅ ይላል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ዛፉ ይለወጣል፤ በመጨረሻ የቋራ ቆላ ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ሱዳን ነው። ከጎርጎራ ወደ ሰሜን ደግሞ የደንብያ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ በክረምት የሚዋጥ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚሰጥ። ካሳ ከቋራ ቆላ ተወልዶ በደንብያ ሜዳ የተማረ ልጅ ነው። አንዱ የሽፍታ መሸሸጊያ ነው፤ ሌላው ጦር ሁሉ ለእህሉ ሲል የሚረግጠው ጎተራ። ሽፍታ በነበረ ጊዜ የዘረፈውን ለገበሬ አካፍሎ ማረሻ ግዙበት አለ፣ ራሱም ከተከታዮቹ ጋር ጫካ መንጥሮ አረሰ የሚባለውን ስሰማ አይደንቀኝም። ደንብያ ውስጥ ያደገ ልጅ በሬው የተወሰደበት ገበሬ ምን እንደሚመስል አይቷል።

በ1845 ዓ.ም. የራስ ዓሊን ጦር ጣቁሳ፣ ጎርጎራ ብቸኝ ላይ ያሸነፈውም በዚሁ የሐይቅ ዳርቻ ነው። ልጅ ሆኖ በሌሊት ከሸሸበት አገር ብዙም አይርቅም።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፦

መምህር ስለ ጨንከር የጻፉትን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ስምንት ዓመት በአብነት ትምህርት ቤት አሳልፌያለሁ። የካሳ ዘመን ጎጆ እንዴት እንደነበረ ከእኔ ጎጆ ብዙ የተለየ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ለልጅህ ሕይወቱን በቅርብ ላሳያት።

ልጁ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ ንባብ፣ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ በዚያ ዘመን የተማረ ይባላል፤ ካሳም ማንበብና መጻፍ ከቻሉት ጥቂት መሳፍንት አንዱ የሆነው በዚህ ትምህርት ነው። የሚለብሰው የበግ ለምድ ነው፤ ደበሎ እንለዋለን። የሚተኛው ሣር ላይ ነው። ቀን አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። የባላባት ልጅም ቢሆን ይለምናል፤ ትዕቢት ከትምህርት ይከለክላል ተብሎ ስለሚታመን ነው። ውሻ ይነክሰዋል፤ እኔ በቀኝ ባቴ ላይ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለኝ። ማታ በእሳት ዙሪያ ሆነው የቀኑን ትምህርት በቃል ይቀጽላሉ። ታላቁ ልጅ ታናሹን ያስጠናል፤ ቁራሽ ያላገኘው ካገኘው ይካፈላል። ጎጆው የሣር ነውና አንዱ ከተቃጠለ ሁሉም ይቃጠላል፤ እኛ ማታ እሳት ሳናዳፍን ብንተኛ የኔታ ይቀጡን ነበር።

ያ መስፍን ያቃጠለው እንዲህ ያለውን ጎጆ ነው። የገደላቸውም ማታ አብረውት ዳዊት ሲቀጽሉ ያመሹትን ልጆች ነው። ከሁሉም የሚከብደኝ በማግስቱ ነው። የተረፈው ልጅ በማግስቱ ማንን ጠራ? እናቱ ጎንደር ናት፤ አባቱ የለም።

አንባቢ ከጎንደር፦

የሁላችሁንም በጥሞና አንብቤያለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ይህ ያዘናችሁለት ልጅ አድጎ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥሏል። አብያተ ክርስቲያናቱን ዘርፏል። እኛ ቤት ከአያት ወደ አያት የተላለፈው ታሪክ ስለ ኮሶ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ስለወጣው መስቀልና መጽሐፍ ነው። ልጅህ ልጅነቱን ስትጽፍ የሰውየውን መጨረሻ ደብቃ እንዳትጽፍ እፈራለሁ። «በልጅነቱ ተጎድቶ ነው» የሚለውም አይዋጥልኝም። በዚያ ዘመን ስንቱ የሙት ልጅ አደገ? ሁሉም ከተማ አላቃጠለም።

የደንብያ መምህር፦

እውነትህን ነው። የጨንከር እሳት የጎንደርን እሳት አይፈታልንም። የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ፤ ልጆች በሣር ጎጆ ውስጥ ሲቃጠሉ ያየ ሰው በኋላ ራሱ እሳት ለኳሽ ሲሆን። ይህን ለተማሪዎቼ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ስለዚህ ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ፤ አንዱን በአንዱ አላጣፋም።

እናት በደቡብ ሰፈር፦

የቤተሰብ ሕይወት ከተባለ ትዳሩም ይነሣ። የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች ለካሳ የተዳረችው ሽፍታውን በጋብቻ ለማሰር ነበር፤ እርሷ ግን ከአባቷም ከአያቷ ከእቴጌ መነንም ይልቅ ለባሏ ወገነች። ቆስሎ ሳለ ሐኪሙ ለሕክምናው ላም ጠየቀ፣ እቴጌ መነን ደግሞ አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ላኩለት፣ ይህን ውርደት እንዳይቀበል ያነሣሣችው ተዋበች ናት ይባላል። ቤት አልባው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ያገኘው ከእርሷ ጋር ይመስለኛል። በ1850 ዓ.ም. ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ ያለው ቴዎድሮስ ሌላ ሰው ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አንዷ ነኝ።

ልጁን ዓለማየሁንም አትርሱት። የወለደለት ጥሩወርቅ ናት፤ በደረስጌ ያሸነፈው የደጃዝማች ውቤ ልጅ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አባቱ ሲሞት ዓለማየሁ 7 ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። እናቱም ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተች። እንግሊዞች ወሰዱት፤ በ18 ዓመቱ እዚያው አርፎ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አይሆንም ብሏል። አባት የሙት ልጅ ሆኖ አደገ፤ ልጁንም የሙት ልጅ አድርጎት ሄደ። እኔ ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻዬን የማሳድግ ሴት ነኝና ይህን ስጽፍ እንባዬን አልያዝሁትም።

ዘቋራ፦

ተመልሼ መጥቻለሁ። ሦስት ቀን አሰብሁበት። መምህር፣ ካሳ ስድቡን አልካደም ያሉኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። እኔ ስድቡን የምክደው ኮሶ መሸጥ ነውር ነው ብዬ ስለማምን መሆኑን ያየሁት አሁን ነው። ሽምብጥ ወንድሜ፣ ልጅህ አትድገመው ያልሁትን አንሥቻለሁ። ትጻፈው። «ይባላል» የሚለውን ቃል ግን ትጨምርበት፤ ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ እንዳታደርገው።

ሽምብጥ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሆነውን ልንገራችሁ።

እሑድ ልጄን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። 81 ዓመቷ ነው፤ ዐይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ይሰማል። የጻፋችሁትን ከእትዬ ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። ስለ ጨንከር ስደርስ «ኧረ በስመ አብ» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ልጄ ፊት ያን ቀን መንገድ ተሻግሬ ማለፌን ነገርኋት። አርባ ዓመት የያዝሁትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁት። እናቴ ዝም አለች፤ ቀጥላ «አይቼሃለሁ እኮ» አለችኝ። «አይቼ እኔም ፊቴን አዞርሁ፣ ጓደኞችህ እንዳያውቁብህ።»

ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔም መናገር አልቻልሁም። ልጄ እጇን ያዘችላት።

ትንሽ ቆይታ እናቴ ወደ ካሳ እናት ተመለሰች። «ገበያ ስትቀመጥ ልጁን ማን ይይዝላት ነበር?» ብላ ጠየቀችን። መምህር፣ ይህን ጥያቄ ከእርስዎም ከመጻሕፍቱም አልሰማሁትም። እኔን የምትይዘኝ በገበያው ጨው የምትሸጥ ሴት ነበረች አለችን፤ ገዢ ሲመጣ እየተቀባበሉን ነው ያሳደጉን። የዚያችን ሴት መኖር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ልጄ ወዲያው ደብተሯን አውጥታ ጥያቄውን ጻፈችው። የቤት ሥራዋ የሚጀምረው አሁን በዚህ ነው፦ ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ ሲሸጡ ሕጻኑን ካሳን ማን ይይዝላቸው ነበር ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ቋራ፣ ከዚያ ጨንከር፣ ከዚያ ክንፉ ይመጣሉ። የጎንደሩን ቃጠሎም በመጨረሻው ገጽ ጽፋዋለች፤ አንባቢ ከጎንደር፣ አደራህን ጠብቃለች። ዘቋራ፣ «ይባላል» የሚለውን ሦስት ቦታ አስገብታዋለች።

ረቡዕ ክፍሏ ፊት ታነበዋለች። እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ፤ የኮሶ አበባ ለክፍሉ ማሳየት ትፈልጋለች። የሚገኝበትን ቦታ ቢጠቁሙኝ?

እትዬ ከፋሲሎ፦

ልጄ፣ ከጉና ሥር ያሉ ዘመዶቼ ባለፈው ዓመት የላኩልኝ አንድ ዘለላ ጓዳዬ ውስጥ ተሰቅሏል። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ልጅቷን ይዘሃት ና፤ ራሷ ከተሰቀለበት ታውርደው። በወረቀት ጠቅልዬ እሰጣታለሁ፤ በላስቲክ አታድርጉት፣ ይሻግታል። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ይንኩት፣ ያሽቱት፤ አፋቸው እንዳያደርሱት ግን መምህሯ ይጠንቀቁ፣ የልጅ ሆድ አይችለውም። ከቻልህ እናትህንም ይዘሃት ና። ቡና አፈላለሁ። ደብረ ታቦር ገበያም ጨው የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ አክስቴ ኮሶ ስትሰፍር እኔን የምትይዘኝ እርሷ ነበረች።